ሁለት ማዳበሪያ መጻሕፍት፦ የክረምት ጥገና ማስታወሻ ከደሴ

ሰኔ 14 ቀን 2017

ዛሬ ሁለቱን ማዳበሪያ ከዕቃ ቤት አወጣሁ።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ደርሶ ከተማውን ለቀን ስንወጣ፣ እናቴ የአባቴን መጻሕፍት ከመደርደሪያ አውርዳ በሁለት ማዳበሪያ ከተተቻቸው። ከጤፉ ጆንያ ጀርባም ሸሸገቻቸው። ስንመለስ ጤፉ የለም። መጻሕፍቱ እንዳሉ ናቸው። «ተመስገን» ብለን እዚያው ተውናቸው። ጥፋታችን ይሄ ነው። ከላያቸው ያለው ቆርቆሮ ቀዳዳ እንዳለው ያወቅነው ከሁለት ክረምት በኋላ ነው።

ቆጠርኳቸው፤ 31 ናቸው። 11ዱ አቧራ ከመልበስ በቀር ደህና ናቸው። 12ቱ ጀርባቸው ለቋል ወይም ቅጠላቸው ተበትኗል። 8ቱ ርሰው ደርቀው እንደ ቋንጣ ተኮማትረዋል። ሁለቱ ላይ አረንጓዴ ሻጋታ አለ።

አባቴ አስተማሪ ነበር። እኔም አስተማሪ ነኝ። ትምህርት ተዘግቷል፤ እስከ መስከረም ጊዜ አለኝ። ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። አንብቤ ያልጨረስኩትን መጽሐፍ አልጠርዝም። የማስበውንም እዚህ እጽፋለሁ።

አባቴ በቀይ እስክሪብቶ ነበር የሚያነበው። የሰዎችን ትዝታ ሲያነብ ወሎ ወይም ደሴ የሚል ቃል ካገኘ ከሥሩ ያሰምራል። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ ጠይቄው ነበር። «ቤታችንን ማን እንዳስታወሰው ልይ ብዬ ነው» አለኝ። እኔም ዘንድሮ መስመሮቹን እየተከተልኩ ላነብ ነው።

ሰኔ 15

የረጠበ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አይሰጣም። ወረቀቱ ይጣመማል፣ ቀለሙም ይሸሻል። ደግሞ በሰኔ ደሴ ላይ የምን ፀሐይ አለ! ጦሳ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ተከናንቧል። ሳሎን ውስጥ ገመድ ወጠርኩና ቀለል ያሉትን መጻሕፍት መሐላቸውን ከፍቼ ሰቀልኳቸው። ከባባዶቹን በየአሥር ገጹ ሶፍት አስገብቼ ጠረጴዛ ላይ አቆምኳቸው። ሶፍቱ በየሦስት ሰዓቱ ይቀየራል። የሻገቱትን ሁለት መጻሕፍት በረንዳ አውጥቼ፣ አፍንጫና አፌን ሸፍኜ በቀለም ብሩሽ ጠረግኳቸው። ሻጋታ ቤት ውስጥ ከተራገፈ ወደ ጤነኞቹ ይሄዳል።

እትዬ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው ያዩኛል። የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ተሁለደሬ ተወልደው እዚያው ተድረው፣ አሁን እኛ ጋ ነው ያሉት። አባቴ ክርስቲያን ነበር፣ እሳቸው በትዳር ሰልመዋል። ፊደል አልቆጠሩም። «አብሽሪ፣ ከምጥ የወጣ ሁሉ ይድናል» አሉኝ።

ሰኔ 19

ኮላ ሠራሁ። አንድ ኩባያ ፉርኖ ዱቄት በአምስት ኩባያ ውኃ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ማሸት ነው፣ እንዳይጓጉል። ከዚያ በዝግታ እሳት፣ እጅን ሳያሳርፉ ማማሰል። ነጭነቱ ጠፍቶ ብርሃን ማሳለፍ ሲጀምር ይወርዳል። አናጺ ጎረቤቴ «ቪናቪል እያለ ምን አደከመሽ?» አለኝ። ቪናቪል ለእንጨት ጥሩ ነው። ወረቀት ላይ ግን አንዴ ከያዘ አይለቅም። የዱቄት ኮላ በሌላ ጊዜ ሌላ ሰው ልጠግን ቢል በትንሽ ውኃ ርሶ ይለቃል። እኔ የመጨረሻዋ ጠጋኝ አልሆንም።

ስኮች ግን ጠላቴ ነው። ከአንድ መጽሐፍ ላይ ብቻ አርባ ያህል ቁራጭ ላጥኩ። ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ እንደ ሻይ ነጠብጣብ ቡናማ አድርጎታል፤ ያ አይለቅም። እባካችሁ የተቀደደ ገጽ ላይ ስኮች አትለጥፉ።

ሰኔ 22

የመጀመሪያው ሕመምተኛ ፍቅር እስከ መቃብር ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ያሳተሙት። የእኛው ቅጂ ከዚያ በኋላ የታተመ ነው፤ ሽፋን የለውም፣ የፊተኛው ጥራዝም፣ አብረው ታጥፈው የተሰፉት የመጀመሪያ ቅጠሎች ማለቴ ነው፣ ከነጭራሹ የለም። ጥራዝ ነጠቅ የሚባለው ስድብ እንዲህ ያለ መጽሐፍ እጅ ላይ ሲይዙ ትርጉሙ ይገባል። መጀመሪያውን የነጠቀ ሰው ታሪኩን ይዞ ሄዷል፣ ለእኛ የቀረን መሐሉ ነው። ፒያሳ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጥ ወዳጅ አለኝ። ከእሱ ቅጂ ላይ የጎደሉትን ገጾች ፎቶ ኮፒ አነሳሁ።

ለእትዬ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ገጽ ሳልሄድ «ይሄንማ አውቀዋለሁ» አሉ። በሬዲዮ ሰምተውታል። ወጋየሁ ንጋቱ ሲተርከው ጎረቤት አንድ ሬዲዮ ነበር፤ ያን ሰዓት ቡናው እዚያ ቤት ይፈላ ነበር አሉኝ። «ያ ሰውዬ ሲያነብ ፊታውራሪ መሸሻ በሩ ላይ የቆሙ ይመስለኝ ነበር።»

ሰኔ 29

ጨረስኩት። ከ20 ዓመት በፊት ተማሪ ሆኜ ሳነበው ያለቀስኩት ለሰብለ ወንጌልና ለበዛብህ ነበር። አሁን ያለቀስኩት ገና መግቢያው ላይ ነው። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ። ማንኩሳ ውስጥ ያሉ ሁለት ድሆች፣ ልጅ የሚናፍቁ፣ ያገኙትን አንድ ልጅ መልሰው ለስለት የሚሰጡ። ሐዲስ እዚያ ላይ አይቸኩሉም። የትልቅ ሰው ቤት ውስጥ ከመግባታቸው በፊት የድሃ ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። መጽሐፉን ያቆመው ይሄ መሠረት ነው እላለሁ። ፍቅሩ የመጣው በኋላ ነው።

የማልወደውንም ልናገር። ጉዱ ካሣ ሲናገር ደራሲው ወንበሩን ለቆ ይሰጠዋል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ያን ጊዜ ለመጻፍም ድፍረት ይጠይቃል። ግን ሰው ቤቱ ውስጥ እንዲያ አይናገርም። በዚያ ሁሉ ንግግር መሐል ሰብለ ምን እንደምታስብ መስማት እፈልጋለሁ። እትዬ በዚህ አልተስማሙም። «ጉዱ ካሣ ባይናገር ማን ሊናገርላት ነው?» አሉ። ለሁለት ቀን አሰብኩበት። ትክክል ሳይሆኑ አይቀሩም።

የጥገናው ነገር፦ ይህን መጽሐፍ ስፈታው የገጾቹ ጠርዝ የቆሸሸው ሁለት ቦታ ነው። በዛብህ ሰብለን የሚያስተምርበት አካባቢና የመጨረሻዎቹ ገጾች። ጉዱ ካሣ ረጅም የሚናገርባቸው ገጾች ንጹሕ ናቸው። ቤታችን እንዴት እንዳነበበው መጽሐፉ ራሱ መስክሯል።

ሐምሌ 3

ስፌቱ አልሆነልኝም። ክሩን አጥብቄ ስስብ ወረቀቱን ይቆርጠዋል፤ ሳላላው ጥራዞቹ ይወዛወዛሉ። ሁለቴ ፈታሁት። እናቴ አይታኝ «ለሚያውቅ ሰው ለምን አታሳዪም?» አለች።

ሐምሌ 5

መሪጌታ ጋ ሄድኩ። ብራና ይፍቁ ነበር፤ አሁን ዓይናቸው ደክሟል፣ እጃቸው ግን አልረሳም። በአንድ ክር ሁለት ጫፍ ሁለት መርፌ ያስገባሉ። አዲሱ ጥራዝ ከፊተኛው ጥራዝ ስፌት ሥር እየገባ ይታሰራል፣ እንደ ሰንሰለት። ጀርባው ላይ ሙጫ አያስፈልገውም። መጽሐፉ ሲከፈት እስከ መጨረሻው ይዘረጋል። ድሮ ክሩ ጅማት ነበር፣ ሽፋኑ ደግሞ የእንጨት ገበታ ሆኖ ላዩ በቆዳ ይደጎሳል። እኔ የጫማ ሰፊ ክር በሰም አሽቼ ነው የተጠቀምኩት። «ሰሙ ክሩን ያለሰልሰዋል፤ ወረቀቱም አያለቅስም» አሉ።

ከዚህ ሐይቅ እስጢፋኖስ ቅርብ ነው። እዚያ በ13ኛው መቶ ዘመን ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ ያሠሩት ወንጌል አለ። ከ700 ዓመት በላይ ሆኖታል። የእኔ የ40 ዓመት መጽሐፍ ግን ተበታትኖ ማዳበሪያ ውስጥ ነው። መሪጌታን ይሄን ስላቸው አልሳቁም። «እሱን የሠራው ሰው ለልጅ ልጁ ነው የሠራው። ያንቺን የሠራው ማሽን ለገበያ ነው» አሉኝ።

እትዬ ደግሞ ቤት ስመለስ የባለቤታቸው አባት የነበራቸውን ቁርዓን አነሱልኝ። የቆዳ ሽፋኑ ከጎን እንደ ፖስታ የሚታጠፍ ክዳን ነበረው፤ አቧራ አያስገባም። ወሎ ውስጥ ደብሩም መድረሳውም መጽሐፍ ሲጠርዝ ኖሯል። እኔ ይሄን ሁሉ ሳላውቅ ነው ፉርኖ ዱቄት ያማሰልኩት።

ሐምሌ 12

ሁለት የ1962 ልቦለዶች አንድ ላይ ጠረዝኩ። ማለቴ በአንድ ሳምንት። የዳኛቸው ወርቁ አደፍርስና የበዓሉ ግርማ ከአድማስ ባሻገር።

አደፍርስ ውስጥ የአባቴ ማስታወሻ ወረቀት ገጽ 60 አካባቢ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲያ ቀይ መስመር የለም። ማለት ትቶታል። አልፈርድበትም። እኔም በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ቀን ተውኩት። ቃላቱ ይከብዳሉ። የሸዋ ደጋ ሰው አፍ፣ የዕፅዋት ስም፣ የቤተ ክህነት ቃል አንድ ላይ ይመጣሉ። ደራሲው አንባቢውን ጎትቶ አያስገባም፤ ራስህ ውጣና ግባ ይላል። ግን ገጽ 100 ካለፉ በኋላ ጆሮ ይለምዳል። ወይዘሮ አሰጋሽ ሲናገሩ የማውቃቸው የደሴ እመቤቶች ድምፅ ይሰማኛል። አደፍርስ ደግሞ የተማረ ልጅ ነው፣ ያየውን ሁሉ ሊያስተካክል የሚከራከር። እንዲህ ያለ ተማሪ በየዓመቱ አንድ ይገጥመኛል። እወደዋለሁ፣ ያደክመኛልም።

ከአድማስ ባሻገር በሁለት ቀን አለቀ። አበራ ወርቁ የመንግሥት ሥራው አልጣመውም፣ ሠዓሊ መሆን ይፈልጋል፣ ቤተሰቡ ሌላ ይፈልግበታል። አጻጻፉ እንደ ውኃ ይፈሳል። ግን ሳምንት ሳይሞላ ብዙውን ረሳሁት። አደፍርስን ግን ኮላ ሳማስል እንኳ እያሰብኩት ነው። ቀላሉን ወድጄ ከባዱን አከበርኩ ልል ነበር፤ አይደለም። ከባዱን ነው የወደድኩት።

ሐምሌ 16

ዝናብ። መብራት የለም። የተጣበቁት ሽፋኖች አምስት ቀን ሆኗቸው አልደረቁም። ነገ አራቱን ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ የእህቴ ቤት ሞቃት ነው። ሐረጎን እንደወረዱ አየሩ ይለወጣል።

ሐምሌ 19

ኮምቦልቻ ላይ በሁለት ቀን ደረቁ። የእህቴ ባል ብረታ ብረት ቤት ስለሚሠራ ሞርሳ አለው። መጽሐፉን በሁለት ጣውላ መሐል አድርገን አጠበቅነው። በጣም ማጥበቅ የለበትም፤ ኮላው በጎን ይወጣና ገጾቹን ያያይዛል። አንዱ ላይ ይሄ ደርሶብኝ ስድስት ገጽ በቢላዋ ጫፍ ለያየሁ።

እዚያ ሆኜ ኦሮማይን አነበብኩ። ስለዚህ መጽሐፍ ረዘም አድርጌ መጻፍ አለብኝ።

የአባቴ ቅጂ የግብርና መማሪያ መጽሐፍ ሽፋን ነው ያለው። ርዕሱ ያለበት የመጀመሪያ ቅጠል ተቀዷል። ልጅ ሆኜ የእርሻ መጽሐፍ ይመስለኝ ነበር፤ አንስቼ አላውቅም። ኦሮማይ በ1975 ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ። የካቲት 1976 በዓሉ ግርማ ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። አባቴ መጽሐፉን አልጣለውም፤ ልብሱን ቀየረለት። ያኔ ያ ምን ያህል ፍርሃትና ምን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅ አሁን ሽፋኑን በእጄ ይዤ ነው የገባኝ።

ልቦለዱ ራሱ ይሮጣል። ጋዜጠኛው ጸጋዬ ኃይለማርያም ለቀይ ኮከብ ዘመቻ አስመራ ይላካል፤ እጮኛውን አዲስ አበባ ትቶ እዚያ ከፊያሜታ ጊላይ ጋር በፍቅር ይወድቃል። ብዙ ሰው ስለ ፖለቲካው ያወራል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነው። ጸጋዬ ሥራው ቃል ነው፤ ዘመቻውን የሚያሳምር ቃል ያመርታል። ስለ ራሱ ሲናገር ግን ቃሉ ይሰነጠቃል። በመሐል ፊያሜታ ትጠይቀዋለች፣ ትዘልፈዋለች። ከተማዋን የምታውቀው እሷ ናት። ኦሮማይ የሚለው የአስመራ ሰው አፍ የለመደው የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ አበቃለት፣ ከእንግዲህ ወዲያ የለም እንደማለት። ደራሲው የመጽሐፉን ስም የሰጠው ከዚያ ከተማ አፍ ወስዶ መሆኑን እወድለታለሁ።

የማልወደው የሴቶቹን መልክ የሚገልጽበትን መንገድ ነው። ውበት ላይ ሲደርስ ብዕሩ ይሰክራል። በኛ ልቦለዶች ውስጥ ወሎዬ ሴትም ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የምትገባው፤ በዓይኗና በአንገቷ። እንደምታስብ ለማወቅ ሌላ መጽሐፍ መፈለግ ነው።

አሁን የጥገና ጥያቄ አለብኝ። ትክክለኛ ሽፋን ልሥራለት ወይስ የእርሻ ሽፋኑ ይቆይ? እህቴ «ስሙን ይመለስለት» አለች። እኔ ግን ሽፋኑን አላነሳሁም። ጠርዙን በአቡጀዲ አጠንክሬ መልሼ ለበጥኩት። ከውስጥ አዲስ ቅጠል ጨመርኩና ርዕሱንና የደራሲውን ስም በእጄ ጻፍኩ። ከሥሩም አባቴ ለምን እንደደበቀው።

ሐምሌ 27

ወደ ትዝታዎቹ ገባሁ። ቀይ መስመሮቹ የበዙት እዚህ ነው።

ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ። ንጉሠ ነገሥቱ በስደት እንግሊዝ አገር ባዝ ሳሉ የጻፉት የመጀመሪያው መጽሐፍ። የኅዳር 1928ቱ የደሴ የአውሮፕላን ድብደባ ላይ አባቴ ሁለት ጊዜ አስምሮበታል። ንጉሡ ያኔ እዚሁ ነበሩ። ሆስፒታል ሳይቀር የተመታበት ቀን ነው። የትዝታው ቋንቋ የተጠነቀቀ ነው። ቃል አይባክንም፣ ስሜትም አይባክንም። እኔ ግን ያን ቀን ደሴ ውስጥ የነበረች አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ምን እንዳየች ማወቅ እፈልጋለሁ። የንጉሥ ትዝታ ይሄን እንዲነግረኝ መጠበቅ የለብኝም፤ ይገባኛል። ግን ሌላ የሚነግረኝ የለም።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን የርዕሱ ገጽ ነው። አባቴ የኅትመቱን ዓመት በቀይ ከብቦታል። 1965። ሌላ ምንም አልጻፈም።

ለእትዬ አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ቁጥሩን ነገርኳቸው። ረዥም ዝም አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። በ1965 ወንዶቹ በሬዎቹን ሸጡ። መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን። በሬ ከተሸጠ ቀጥሎ የሚሸጥ ነገር የለም። ሰዉ ወደ ዋናው መንገድ ወጣ፣ መኪና የሚያልፍበት ዳር ላይ ተቀመጠ። እሳቸው ሁለተኛ ልጃቸውን እዚያ መንገድ ዳር ቀበሩ። ስሙንም ነገሩኝ። ይሄን በሕይወቴ ሰምቼው አላውቅም። አባቴ ያውቅ ነበር።

መጽሐፉ የሚተርከው እስከ ስደቱ ዘመን ድረስ ነው፤ ስለ 1965 እንዲናገር አልጠብቅም። ግን የአገር እርምጃ የሚል ርዕስ ያለው መጽሐፍ አዲስ አበባ ላይ ሲታተም፣ እዚህ ሰው መንገድ ዳር ነበር። አባቴ የከበበው ይሄንን ነው።

ነሐሴ 1

ጾም ገባ። እናቴ ትጾማለች፣ እትዬ ደግሞ ቡናዋን ያፈሉላታል። ዛሬ አልሠራሁም።

ነሐሴ 3

ሁለት ትዝታዎች ጎን ለጎን አነበብኩ። ፍቅረሥላሴ ወግደረስ እኛና አብዮቱ፣ ሕይወት ተፈራ ማማ በሰማይ። ሁለቱም የአባቴ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሲወጣ አባቴ በሕይወት ነበር፣ የገዛነው ግን እኔና እህቴ ነን።

የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር መጽሐፍ ጠቃሚ ነው። የውሳኔዎቹን ቅደም ተከተል ከውስጥ ሰው መስማት ሌላ ቦታ አይገኝም። ግን ርዕሱ ላይ ያለው «እኛ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይለቅም። እኛ ወሰንን፣ እኛ አመንን። አንድ ገጽ ላይ «እኔ እንዲህ አደረግሁ፣ ተሳስቼ ነበር» የሚል ዓረፍተ ነገር ፍለጋ ስሄድ ደከምኩ። ስለ ድርቁም ሳነብ ወሎ ብዙ ቦታ አለች፤ ሰው ግን የለባትም። ሪፖርት ነው። በ1977 እኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ የማስታውሰው የለም። እትዬ ግን ሁለቱንም አይተዋል።

ማማ በሰማይ ተቃራኒው ነው። ሕይወት ተፈራ ኢሕአፓ ውስጥ የገባችበትን፣ የምትወደው ጌታቸው ማሩ በገዛ ፓርቲው እጅ የተገደለበትን፣ ስምንት ዓመት የታሰረችበትን ትናገራለች። የገረመኝ ሥቃዩ አይደለም። ያኔ ያልገባትን ነገር ያልገባኝ ነበር ብላ መጻፏ ነው። አሁን ባወቀችው እውቀት ያኔውን ልጅነቷን አላሳመረችውም። እኔ ከትዝታ የምፈልገው ይሄን ነው። ጸሐፊው ራሱን ምስክር ወንበር ላይ አስቀምጦ መጠየቅ አለበት። ሰፊ የትግል ክርክር ያለባቸውን ገጾች ቶሎ ቶሎ አለፍኩ፤ እውነቱን ለመናገር አሰልቺ ናቸው። የእስር ቤቱን ክፍል ግን ለእትዬ አነበብኩላቸው። ሴቶቹ አንድ ላይ ሲኖሩ ያለውን ሲሰሙ «ይቺ ልጅ አይታ ነው የምታወራው» አሉ።

የጥገና ማስታወሻ፦ ይሄኛው አዲስ መጽሐፍ ነው፤ ግን ጀርባው ሙጫ ብቻ ስለሆነ አምስት መምህራን ካነበቡት በኋላ ተሰንጥቋል። ጥራዝ የለውም፣ ነጠላ ቅጠል ነው፤ የመሪጌታ ስፌት አይሠራበትም። ጎኑን በወስፌ በስቼ አምስት ቦታ ሰፋሁት። አሁን እስከ መጨረሻው አይዘረጋም፤ ግን አይበተንም።

ነሐሴ 10

ከሁሉ የወደድኩት መጨረሻ ላይ መጣ። መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ ኃይሉ። ልጃቸው መንግሥቱ ለማ፣ ያ የተውኔት ጸሐፊ፣ አባቱን ቴፕ ፊት አስቀምጦ እያናገረ የሰበሰበው ነው። በ1959 ታተመ።

ይሄ መጽሐፍ ሲነበብ ሳይሆን ሲሰማ ነው የሚገባው። መንግሥቱ የአባቱን አፍ አላስተካከለም። ሽማግሌው ወሬውን ይጀምራሉ፣ ይስታሉ፣ ይመለሳሉ፣ ሰው ስም ይጠራሉ፣ ይስቃሉ። የቆሎ ተማሪ ሕይወት፣ የቅኔ ቤት፣ የመምህራን ጠባይ። ትልቅ ነገር ለመናገር የሚቸኩል ሰው የለም። መሪጌታን ለሁለት ሰዓት ተውሼ የነበረ ያህል ነው የተሰማኝ። ለእትዬ ሳነብላቸው፣ ተማሪው ለልመና ወጥቶ ውሻ ሲያባርረው «እኛ ደጃፍም ይመጡ ነበር» አሉ። «ቆሎ ሰጥተን ውሻውን እንይዝ ነበር። አንዱ ሁልጊዜ ቅኔ ይቀኝልኝ ነበር፤ ምን እንዳለ ግን ነግሮኝ አያውቅም።»

ቀይ መስመር ብዙ አልነበረበትም። አባቴ ግን የመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ በእርሳስ ጽፏል፦ «እህቴን እንዲህ አስቀምጬ ልጠይቃት።» ቀኑ የለበትም። ሳይጠይቃቸው ነው የሞተው።

መጽሐፉን ሰፍቼ ጨረስኩ። የእርሳሱን ጽሑፍ ኮላ እንዳይነካው ከላዩ ስስ ወረቀት አደረግሁበት።

ነሐሴ 14

እትዬን ጠየቅኳቸው። መጀመሪያ «የኔ ምን ወሬ አለው?» አሉ። ቀጥለው «ማን ሊያነበው?» አሉ። ሦስተኛ ቀን ላይ ቡና እየቆሉ ራሳቸው ጀመሩ። ስልኬን ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩ።

የጀመሩት ከረሃቡ አይደለም። ከበቅሎ ነው። ሙሽራ ሆነው የተጫኑባት በቅሎ ስሟ፣ ጠባይዋ፣ ወንዝ ላይ እንዴት እንደቆመችባቸው። 40 ደቂቃ በቅሎ ብቻ። አንድ ቦታ ላይ የባላቸውን እናት አምተው «ይሄን አትጻፊው» አሉ። አልጽፈውም።

ነሐሴ 17

የቀዳሁትን ወደ ደብተር መገልበጥ ጀመርኩ። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ደህና ይሰማል። ከዚያ ዝናቡ መጣና ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ድምፃቸውን ዋጠው። የበቅሎዋ ስም እዚያ መሐል ነው ያለው። ገብቼ ጠየቅኳቸው። «ዳማ» አሉ። «ዳማ ነበር የምንላት፣ ግን ዳማ አልነበረችም፤ ነገ ጠዋት ዝናቡ ሳይመጣ እንደገና ልንገርሽ።»

ወረቀት ገዝቻለሁ። ባለ 16 ገጽ ስድስት ጥራዝ አጥፌ ጫና ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። ከ31ዱ 23ቱ አልቀዋል። የቀሩት 8ቱ፣ ያ ቋንጣ የሆኑት፣ መስከረም አይደርሱም።